ስምን መልአክ ያወጣዋልን?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የተወደደው ኃላፊነቱን ከስም አውጪው ትከሻ ላይ ስለሚያነሳለት ሳይሆን አይቀርም። ልጁ ስሙን መስሎ ካደገ መልአኩ ዐወቀ ይባላል፤ ሳይመስል ከቀረም መልአኩን የሚወቅስ አይገኝም። ዳሩ ግን ስሙን ያወጣው መልአክ ሳይሆን ሰው መሆኑ በመዝገብ የሰፈረ እንደሆነስ? የሰውየው ማንነት፣ ስሙን ያወጣበት ዓመትና ምክንያት የታወቀ እንደሆነስ?

የሳይንስ የወፍ ስሞች እንዲህ ያሉ ናቸው። የእያንዳንዱ ስም አባት ይታወቃል፤ የተወለደበትም ዓመት ይታወቃል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ስለ ሰው ስም ስናወራ በመልአኩ አሳብበን የምናልፈውን ጥያቄ ስለ ወፍ ስም ስናወራ ማለፊያ አናገኝለትም። ለመሆኑ ስም የማን ነው? የሰጪው ነው ወይስ የተሸካሚው?

ጥያቄው ሩቅ አገር የሚያስኬድ አይደለም። መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ ሰፈር ቆሞ ቀና ማለት ይበቃል። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሕዝቡ ወደየተራው ሲበተን ከሚናራው ዙሪያ ብድግ የሚሉት ርግቦች፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር የምትንጫጫው ድንቢጥ፣ ሥጋ ከያዘ እጅ ላይ ዓይኑን የማያነሳው ጭልፊት፣ አልፎ አልፎም ከፍ ብሎ የሚያንዣብበው ጥንብ አንሳ፣ ሁሉም በሩቅ አገር ሙዚየሞች መዝገብ ላይ የሚታወቁበት ሌላ ስም አላቸው። ሰፈሩ ግን ያንን ስም አያውቀውም፤ ስሙም ሰፈሩን አያውቀውም።

የስሞቹን አሠራር ለመረዳት የመርካቶ ሰው ብዙ ማስረጃ አያሻውም። ሊኒየስ የሚባለው ስዊድናዊ በ1758 ባሳተመው መጽሐፍ ለእንስሳት ሁሉ ሁለት ሁለት ቃል ያለው ስም የመስጠትን ዘዴ አጸና። አንደኛው ቃል ወገኑን ይናገራል፤ ሁለተኛው ከወገኖቹ ይለየዋል። መርካቶም ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ምናለሽ ተራ ሲል የኖረው በዚሁ ብልሃት ነው። «ተራ» የሚለው ቃል ወገኑን ይነግረናል፤ ከፊቱ ያለው ደግሞ የትኛው ተራ እንደሆነ ይለይልናል። ሊኒየስ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው፤ ቃሉንም ላቲን ወይም ግሪክ አደረገው።

ከመልካሙ እንጀምር። ጥንብ አንሳው፣ ማለትም ፊቱ የተራቆተውና ከአናቱ እስከ ማጅራቱ ቡናማ ቆብ የደፋ የሚመስለው አሞራ፣ የሳይንስ ስሙ ኔክሮሲርቴስ ሞናኩስ ነው። ኔክሮስ በግሪክ ሬሳ ማለት ነው፤ ሲርቴስ ደግሞ ጎታች። ስለዚህ «ሬሳ ጎታች» መሆኑ ነው። በ1841 ይህን ቃል ያወጣው ግሎገር የተባለው ጀርመናዊ እኛ «ጥንብ አንሳ» ማለታችንን ሰምቶ ነው የሚል የለም። ሁለት ሕዝብ፣ በሁለት አገር፣ አንድን ፍጥረት አተኩሮ አየና አንድ ዓይነት ስም አወጣለት።

ሁለተኛው ቃል ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። ሞናኩስ ማለት መነኩሴ ነው። ቃሉን በ1823 የሰጠው ቴሚንክ የሚባለው የሆላንድ ሊቅ የአሞራውን ቆብ አይቶ ነው። የእኛም «መነኩሴ» በግዕዝ በኩል የመጣው ከዚያው ከግሪኩ ቃል ነው። እንግዲህ ከአንዋር ጎረቤት ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ቆባቸውን ደፍተው የሚወጡት አባትና ከበላያቸው የሚዞረው አሞራ በአንድ ቃል ይጠራሉ ማለት ነው። ይህ ስም ማንንም አያዋርድም፤ ማንንም ያለ ወጉ አያከብርም። አሞራውን ያየ ሰው ያወጣው ስም ነውና አሞራውን ይመስላል። «መልአክ» የተባለው ምናልባት ይኸው ይሆን? አተኩሮ ማየት? አሞራው ራሱ ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ ተመዝግቧል። ስሙ ወፉን አልፎ እንዳይቀር ያሰጋል።

ስሕተት የወለዳቸው ስሞችም አሉ። ከሰማይ የማትወርድ የምትመስለዋን ፈጣን በራሪ ወፍ አፑስ አሏት፤ «እግር አልባ» ማለት ነው። እግር ግን አላት፤ አጭር ናት እንጂ። ሌሊት ሌሊት የሚበረውን አንዱን የወፍ ወገን ደግሞ «ፍየል አላቢ» ብለው ካፕሪሙልገስ አሉት፤ የጥንት አውሮፓውያን በጨለማ የፍየል ጡት ይጠባል ብለው ያምኑ ነበርና። በመርካቶ ጣሪያ ላይ የምናያት፣ ዓይኗ ዙሪያ የቀላው ባለ ነጠብጣብ ርግብ ኮሉምባ ጊኒያ ትባላለች፤ በምዕራብ አፍሪካ ባሕር ዳርቻ ስም መጠራቷ ነው። እነዚህ ስሞች ስሕተት ወይም ጉድለት ቢኖርባቸውም በደል የለባቸውም። የሰው ልጅ ዕውቀት ገና ዳዴ ሲል የተናገራቸው ቃላት ናቸው፤ የልጅ አፍ ያወጣውን ደግሞ ማንም አይቀየምም።

ከዚሁ ወገን አንድ እጅግ ደስ የሚል ስም ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዷል። በ1990 ወደ ነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ የዘለቁ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ ከሞተች ወፍ አንድ ክንፍ አገኙ። ክንፉ ከሚታወቁት ወፎች ክንፍ ጋር አልገጥም አለ። በ1995 ከመካከላቸው አንድ ኢትዮጵያዊ ያለባቸው አምስት ጸሐፊዎች አዲስ ዝርያ ነው ሲሉ ካፕሪሙልገስ ሶላላ አሏት። ሶላላ ማለት «ክንፍ ብቻ» ማለት ነው። ያላዩትን አልጨመሩም፤ የያዙትን ብቻ ተናገሩ። እንዲህ ያለ ጨዋ ስም ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ዓይነት ስም እንለፍ፤ ነገር የሚመጣውም ከዚህ ነው። ከክፈፉ ሥር የምትንጫጫው ግራጫ ራስ ድንቢጥ የሳይንስ ስሟ ፓሰር ስዌንሶኒ ነው። በ1840 ስሙን ያወጣላት ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው የፍራንክፈርት ሰው ሲሆን፣ ያከበረው ዊልያም ስዌንሰን የተባለውን እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ሊቅ ነበር። ስሙ ስለ ድንቢጧ ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ሁለቱ ሊቃውንት መከባበር ነው። በ1852 ደግሞ ብሬም የተባለ ሌላ ጀርመናዊ አንዱን ትልቅ አሞራ በሩፔል ስም ሰየመው። ሊቃውንቱ እንዲህ ስም በስም ሲመላለሱ ወፎቹ ፖስታ ሆኑ።

ይህን ለመንቀፍ አንቸኩል። እኛስ ብንሆን ልጆቻችንን ምትኩ፣ ካሳሁን፣ ማስረሻ ስንል የምንናገረው ስለ ልጁ ነውን? ስለ ራሳችን ሐዘንና ተስፋ አይደለምን? «ከመቃብር በላይ ስም ይውላል» የምንልም እኛው ነን። በወፍ ክንፍ ላይ ስሙ ተጽፎለት ከመቃብር በላይ መዋልን የማይመኝ ስንት ሰው አለ? ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። የእኛ ልጅ ስሙን የሚሰጠው ወላጁ፣ ጎረቤቱ፣ ነገ አብሮት የሚኖረው ነው። ድንቢጧን የሰየማት ሰው ግን መንገደኛ ነበር።

መንገደኛ ሁሉ ጆሮው የተደፈነ ነው ማለትም አይደለም። ሩፔል ራሱ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ስሜንና ጎንደር ደርሶ ሲመለስ ዋሊያን ዋሊያ፣ ጭላዳንም ጭላዳ ብሎ በ1835 በላቲን መዝገብ አግብቷቸዋል፤ የጭላዳው ቃል በአፉ ገላዳ ሆነ እንጂ። የአገሩን ሰው ጠይቆ፣ ሰምቶ፣ የሰማውን መጻፍ በዚያ ዘመንም ይቻል እንደነበረ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም። እንግዲህ አለመጠየቅ የዘመኑ ግዴታ ሳይሆን የሰውየው ምርጫ ነበር።

ምርጫው ምን እንደሚያስከትል የልዑል ሩስፖሊ ታሪክ ያሳየናል። ይህ ጣሊያናዊ መስፍን ደቡብ ኢትዮጵያን ሲያስስ በ1893 ዝሆን ገደለው። ከተዉት ዕቃዎች መካከል ከዚያ በፊት ያልታወቀች፣ ያማረች የጫካ ወፍ ተገኘች። ሳልቫዶሪ የተባለው ሊቅ በ1896 ታውራኮ ሩስፖሊ አላት። ዳሩ ግን የት እንደተገደለች የሚናገር ማስታወሻ አልነበረም፤ አገሯም የታወቀው በ1940ዎቹ ነው። የገዳይዋ ስም ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በመዝገብ ሲኖር የአገሯ ስም ጠፍቶ ነበር።

የከበደው ገና ይመጣል። በቦረና፣ በያቤሎ፣ በአሬሮና በሜጋ አካባቢ ካልሆነ በዓለም ላይ የትም የማትገኝ አንዲት ወፍ አለች። ሰውነቷ አመድማ ነጭ፣ ክንፏና ጅራቷ ጥቁር፣ በዓይኗ ዙሪያ ላባ የሌለው ሰማያዊ ቆዳ አላት። የቁራ ዘመድ ናት፤ ከብት በዋለበት ሜዳ እየተራመደች ትለቅማለች፤ ጎጆዋን በግራር ላይ ከእሾህ ትሠራለች። የቦረና እረኛ ከማንም ሊቅ አስቀድሞ የሚያውቃት ጎረቤቱ ናት። የሳይንስ ስሟ ግን ዛቫታሪዮርኒስ ስትሬዘማኒ ነው። ሞልቶኒ የተባለው የሚላኖ ሙዚየም ሰው በ1938 ያወጣላት ነው። ሁለተኛው ቃል ስትሬዘማን የተባለውን የበርሊን የወፍ ሊቅ ያከብራል። የመጀመሪያው «የዛቫታሪ ወፍ» ማለት ነው።

ኤድዋርዶ ዛቫታሪ ማነው? የሮማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ ነበር። ወፏ ስሙን ባገኘችበት በዚያው በ1938፣ በሐምሌ ወር፣ በፋሺስት ጣሊያን የወጣውን የዘር መግለጫ ከፈረሙት አሥር ሳይንቲስቶች አንዱ ነው። ያ መግለጫ ጣሊያኖች ንጹሕ ዘር እንደሆኑ፣ አይሁድ ከጣሊያን ሕዝብ እንደማይቆጠሩ፣ አውሮፓዊውንም ከአፍሪካዊው ፈጽሞ መለየት እንደሚያስፈልግ በሳይንስ ስም የሚያውጅ ነበር። በወቅቱ አገራችን በወረራ ሥር ነበረች። እንግዲህ አንዲት የትም አገር የማትገኝ ኢትዮጵያዊት ወፍ፣ ኢትዮጵያ በተወረረችበት ዘመን፣ የአገሯን ሰው ከሰው ተራ ላወጣ ሰው መታሰቢያ ሆነች። ዛሬም ናት።

ምን ይደረግ? «ይፋቅ!» የሚለው መልስ ከአፍ የሚቀድም ነው። የእንስሳት ስም አወጣጥ ሕግ ግን ቀድሞ የታተመው ስም ይጸናል ይላል። ሕጉን የሚጠብቀው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን አባላትም በ2023 ባወጡት ጽሑፍ ስሞችን በሥነ ምግባር ሚዛን እየመዘንን አንለውጥም ብለዋል። የእነርሱን ክርክር ማቃለል አይገባም። ስም አድራሻ ነው። ስለ አንዲት ወፍ በጃፓን የተጻፈ ጥናትና በያቤሎ የተጻፈ ጥናት የሚገናኙት በዚያ አድራሻ ነው። አድራሻ በየዘመኑ ሲለዋወጥ የሚመጣውን ጣጣ አዲስ አበባ ታውቃለች። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር አደባባዩና መንገዱ ስም ሲቀይር አይተናል። ባለታክሲው ግን በቀድሞው ስም ሲጣራ ኖረ።

ይሁንና ስም አድራሻ ብቻ አይደለም፤ ክብርም ነው፤ ስድብም ይሆናል። በ2024 ማድሪድ ላይ የተሰበሰቡት የዕፅዋት ሊቃውንት ይህን ተቀብለዋል። «ካፍራ» የሚል ቃል ያለባቸውን ከ200 በላይ የዕፅዋት፣ የእንጉዳይና የአልጌ ስሞች «አፍራ» እንዲባሉ ወሰኑ። ከእነዚህ አንዱ የእኛ ቆርች ዘመድ የሆነ ዛፍ ነው። ቃሉ የመጣው አንዋር ሰፈር ከሚያውቀው የዐረብኛ ቃል ከ«ካፊር» ነው። እዚህ ትርጉሙ የሃይማኖት ነው፤ በደቡብ አፍሪካ ግን ነጩ ጥቁሩን የሚያዋርድበት ስድብ ሆኖ ኖረ። የወፍ ሊቃውንት በዚያ ውሳኔ አይገዙምና፣ በአገራችንም የምትበረው ወገቧ ላይ ነጭ ያለባት በራሪ ዛሬም አፑስ ካፈር ትባላለች።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያሻል። ስድብና ያላግባብ የተሰጠ ክብር አንድ ዓይነት በደል አይደሉም። ስድብ ሕያው ሰው ይፈልጋል፤ በተጠራ ቁጥር ሰሚውን እንደገና ይመታል። ስለዚህ መነሳት አለበት፤ ስም ይጽና የሚለው ሕግ የሰውን ጥቃት ለማጽናት አልወጣም። ያላግባብ የተሰጠ ክብር ግን የሚበድለው እውነትን ነው። እውነት ደግሞ በመፋቅ አትካስም። ዛቫታሪ የሚለውን ስም ብንፍቀው ማን እንደሰየማት፣ መቼ፣ በምን ዘመን እንደነበረ የሚመሰክረው መዝገብ አብሮ ይፋቃል። ለጥፋተኛው ከክብር ይልቅ የሚመቸው መረሳት ነው።

«ታዲያ ክብሩ ይቀጥል?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። በስሎቬኒያ ዋሻዎች የሚኖር አንድ ዕውር ጢንዚዛ አለ፤ በ1937 አኖፍታልመስ ሂትለሪ ተብሎ ተሰየመ። የናዚ መታሰቢያ የሚሰበስቡ ሰዎች በስሙ ምክንያት ብቻ እያደኑ ለሕልውናው አስጊ ሆነውበታል። ማየት የማይችል ፍጥረት ባላወቀው ስም ይታደናል። የክብር ስም አንዳንዴ ተሸካሚውን እስከማጥፋት ይደርሳልና፣ ይህ ዓይነቱ ሲመጣ ሕጉም ቢሆን ለሕይወት መንበርከክ ይገባው ነበር።

ስለ ቦረናዋ ወፍ ግን ሌላ መንገድ አለ፤ ያንንም የሚያስተምረን መርካቶ ነው። «መርካቶ» የሚለው ቃል ራሱ ከየት መጣ? ጣሊያን ከተማዋን በዘር ከፋፍሎ ሲነድፍ የአራዳን ገበያ ነቅሎ ወደ ምዕራብ አዛወረና «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አለው፤ «የአገሬው ተወላጆች ገበያ» ማለት ነው። ዘመኑ ያው የዛቫታሪ ዘመን ነው፤ አሳቡም ያው መለየት ነው። ነገር ግን ኢንዲጄኖ የሚለው ቅጥያ ወድቆ ቀረ፤ መርካቶ የሚለው ቃል ቆመ። ጉራጌው፣ ዶርዜው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ስልጤው በላቡ ሞላው። ዛሬ መርካቶ ሲባል ጣሊያንን የሚያስታውስ የለም። ስሙን ያጸዳው አዋጅ አይደለም፤ በስሙ ውስጥ የኖረው ሰው ነው።

ዛቫታሪዮርኒስ የሚለው ስም ግን በማንም ኢትዮጵያዊ አፍ አልኖረም፤ ስለዚህ አልጸዳም። በእንግሊዝኛ እንኳ ቀድሞ «የስትሬዘማን ቁራ» ይሏት የነበረውን ዛሬ «የኢትዮጵያ የቁጥቋጦ ቁራ» ይሏታል። የአሜሪካ የወፍ ሊቃውንት ማኅበርም በ2023 በሥልጣኑ ሥር ያሉትን በሰው ስም የተጠሩ ወፎች የእንግሊዝኛ ስም እንደሚለውጥ አስታውቋል፤ የላቲኑን መዝገብ ሳይነካ። ከእኛ ከከተሜዎቹ መካከልስ ይህችን ወፍ በራሳችን ቋንቋ የሚጠራ ስንት አለ? የሰው ስም አወጣጥ ስንነቅፍ የእኛን ቦታ ባዶ ትተናል።

አገራችን በወፎቿ ስም የተጠራችበት ጊዜ አለ። እዚያው ሜዳ ላይ፣ የቦረናዋ ወፍ ጎረቤት የሆነች ነጭ ጅራት ወፍ በ1942 በሜጋ ከተማ ስም ሂሩንዶ ሜጋኤንሲስ ተብላለች። የሰየማት ቤንሰን የተባለው በጦርነቱ ወቅት ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣ ሰው ነበር። በ1976 አንኮበር ገደል ላይ የተገኘችውም ትንሽ ወፍ በ1979 በአንኮበር ስም ተሰይማለች፤ የወገን ስሟ በኋላ ሲለወጥ አንኮበር የሚለው ጸንቶላታል። ሁለቱም ሰያሚዎች የውጭ ሰዎች ነበሩ። ወፏ የት እንዳለች ማየት ግን ዜግነት አይጠይቅም።

እንግዲህ የዚህ ጸሐፊ አሳብ አጭር ነው። መዝገቡ ይቆይ፤ ክብሩ ይነሳ። መዝገቡን የሚያቆየው ሕጉ ነው፤ ክብሩን የሚያነሳው ግን የእኛ አፍ ነው። የዛቫታሪን ስም በመጽሐፍ የሚጽፍ ሁሉ በ1938 የፈረመውንም አብሮ ይጻፍ። የትምህርት ቤት መጻሕፍት የሚያዘጋጁ ሰዎች ደግሞ የወፏን ሥዕል ከማተማቸው በፊት ወደ ያቤሎ ወርደው የቦረናን ሽማግሌና እረኛ ምን ብላችሁ ትጠሯታላችሁ ብለው ይጠይቁ፤ ያንኑም ቃል ለኦሮምኛው፣ ለአማርኛውም፣ ለሌላውም አንባቢ ያስተላልፉ። ሩፔል በስሜን ተራራ ላይ ስለ ዋሊያ ያደረገው ይህንኑ ነበር። መልአኩ ቢዘገይ እንኳ ጠያቂ አይዘግይ።